ድንጋይ በድንጋይ ላይ

ሟቹ በደረቱ ተደፍቶ ነበር የተገኘው። ሁለቱን ሕንፃዎች በሚለየው የሲሚንቶ ወለል ላይ አንድ እጁ ከሥሩ ተጣጥፎ፣ ሌላው የሆነ ነገር ሊይዝ እንደፈለገ ሁሉ ወደፊት ተዘርግቷል። ከበላዩ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የተማሪዎቹን መኝታ ቤት ከመማሪያ ክፍሎቹ ጋር የሚያገናኝ የእንጨት መሸጋገሪያ አለ። የመሸጋገሪያው መሃል ሳንቃ አልነበረውም፤ በክፍተቱ የመሸጋገሪያው ጣሪያ ይታያል።

ሳጅኑ ቀድሞ ደርሶ ነገሩን በሐሳቡ ጨርሶት ስለነበር መርማሪዋን የተቀበላት መልሱን ይዞ ነው።

«ገዳዩ በእጃችን ነው፣ እትዬ። እርስዎን ያደከምነው ለፊርማ ያህል ነው።»

«ፊርማዬ የትም አይሄድም፤» አለችው። «መጀመሪያ ሰውየውን አሳየኝ።»

ባልደረቦቿ ከኋላዋ «መርፌ» ይሏታል። አንዳንዱ ስለምትወጋ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ተቀዶ ያገኘችውን ነገር ሳትሰፋ ስለማትተው ነው ይላል። ስሙን ሰምታዋለች፤ ወዳውም ጠልታውም አታውቅም። ከጦርነቱ ያልተመለሰ ሰው ነበራት። ከየትኛው ወገን እንደነበረ ደፍሮ የጠየቃት የለም፤ እሷም ለማንም አልነገረችም።

ማታ የዘነበው ዝናብ የሟቹን ኮት አበስብሶታል። ሬሳውን በጥንቃቄ እንዲያነሱት አዘዘችና ከሥሩ ያለውን ወለል በመዳፏ ዳሰሰችው። ሲሚንቶው ደረቅ ነበር፤ የሰውየው ቅርፅ በእርጥቡ ወለል ላይ እንደ ጥላ ቀርቷል።

«ሲወድቅ ገና አልዘነበም ነበር፤» አለች።

«ዘነበ አልዘነበ ምን ለውጥ አለው?» አለ ሳጅኑ። እሷም ለጊዜው ምን ለውጥ እንዳለው አላወቀችም።

የሙያ ኮሌጁ ሰላም ከወረደ ወዲህ መልኩ ተለውጧል። በወንዙ ማዶና በወንዙ ወዲህ ሆነው ሲታኮሱ የኖሩ ሰዎች ትጥቅ ከፈቱ በኋላ፣ መማር የፈለጉት እዚህ ገብተው ከአንድ ሰሌዳ ይገለብጣሉ። ዲኑ የማዶውንና የወዲሁን ሰው አደባልቆ ነበር ያስተኛቸው። አብሮ ያንኮራፋ ሰው አይገዳደልም ይል ነበር፤ ሟቹ እስኪገኝ ድረስም የተሳካለት መስሎት ነበር።

ሟቹ ከወዲህ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የመገናኛ ሠራተኛ ስለነበርና ወሬ ስለማይጠግብ ተማሪው ሁሉ «ራዲዮ» ይለው ነበር። ከጎኑ ባለው አልጋ ላይ የሚተኛው ደግሞ የማዶ ሰው ነው፤ ፈንጂ አጥማጅ የነበረ፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሳ፣ እግሩን መርጦ የሚያስቀምጥ። እሱን «ቀስበል» ይሉታል። ሳጅኑ ገዳይ ብሎ አንድ ክፍል ውስጥ የቆለፈበት ቀስበልን ነበር።

ወደ መሸጋገሪያው ሲወጡ ሳጅኑ የሚያውቀውን አወራላት። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ የአናጺነት ተማሪዎች የተበላሸውን ሳንቃ እየነቀሉ ነበር፤ ቀስበል ከእነሱ አንዱ ነው። ሥራው ሳያልቅ ስለመሸ በሩ ላይ ቀይ ገመድ ታሰረ። ራዲዮ ግን በዚያው ሰዓት ፈተና ላይ ስለነበር፣ ከፈተናውም በምድር ቤቱ በኩል ስለተመለሰ፣ ሳንቃው መነሳቱን አላየም። ሲመሽ መብራት ጠፍቷል። ከትናንት ወዲያ ማታ ደግሞ ቀስበል የራዲዮን አንገትጌ ይዞ ሲጮህበት ጎረቤት ክፍል ሁሉ ሰምቷል።

«አሁን ይሄንን ይዩልኝ፤» አለ ሳጅኑ።

ቀዩ ገመድ ተፈትቶ ግድግዳው ሥር ተጠቅልሏል። በሩ ደፍ ላይ ደግሞ ሁለት ድንጋዮች አሉ፤ ትንሹ በትልቁ ላይ ተቀምጧል።

«የማዶ ፈንጂ አጥማጆች 'እዚህ ሞት አለ፣ አትለፍ' የሚባባሉበት ምልክት ነው። ሰውየው ገመዱን ፈታና ምልክቱን አኖረ። የራሱ ሰው ቢመጣ አንብቦ ይመለሳል፤ የወዲህ ሰው ቢመጣ ግን ዘው ብሎ ይገባል። ወጥመዱ ለእኛ ወገን ብቻ ነው የተጠመደው።»

መርማሪዋ ይህ ብልህ ሐሳብ መሆኑን አልካደችም። «የማዶን ምልክት ማን አስተማረህ?»

«ሻለቃ ናቸው የነገሩኝ፤ የወዲህን ጦር ይመሩ የነበሩት። ባይነግሩኝ ተራ ድንጋይ ነው ብዬ አልፌው ነበር።»

መሸጋገሪያው ጣሪያ ቢኖረውም ጎኑ ክፍት በመሆኑ ነፋስ ያመጣው ዝናብ እስከ ደፉ ደርሷል። ኮሪደሩ ውስጥ፣ ዝናቡ ያልደረሰበት፣ ሰጋቱራ እንደ ዱቄት ተነስንሷል፤ ላዩ ላይ የሟቹ ጫማ ዳና ይታያል። መርማሪዋ ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከች። ዳናው የጫማውን ጫፍ እንጂ ተረከዙን አያሳይም፤ በአንዱና በሌላው መካከልም ሰፊ ክፍተት አለ። ከዚያ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሳች። ከትልቁ ድንጋይ ሥር ያለው ሰጋቱራ በዝናብ ጠብታ ተበሳስቶ የተወቀረ መስሎ ነበር።

ድንጋዮቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው። ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ።

ዲኑ እላይ ድረስ ተከትሏት መጣ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። የማዶ ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀስበል እጁ ታስሮ ከወጣ እነሱም ወንዙን ተሻግረው ይሄዳሉ፤ መሣሪያ የት እንደተቀበረ ደግሞ ያውቃሉ። የወዲህ ተማሪዎች በበኩላቸው ሰውየው እስከ ከሰዓት ካልታሰረ እኛ ራሳችን እናየዋለን ብለዋል። ይህን ሁሉ ነገራትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እባክሽ እህቴ፣ አንዱን ነገር ቶሎ ወስኚልኝ አላት። እስከ ከሰዓት ታገሠኝ አለችው።

በመጀመሪያ የአናጺነት መምህሩን ጠራችው። የጦርነት ሰው አይደለም፤ ሁለቱንም ወገን እኩል የሚፈራ ሰላማዊ ሰው ነው። ገመዱን በገዛ ዓይኔ አይቼ ነው የሄድኩት ብሎ ማለ። ምን ዓይነት ቋጠሮ ነበር ስትለው ግን ላቡ መጣ። ኋላ እንዳመነው፣ ከተማ ውስጥ ሌላ ሥራ ስለነበረው ሳይጨርሱ ነው የወጣው። ሲወጣ ግን ቀስበል ገመዱን ሲያስር አይቶታል።

«እሱ ያሰረው ነገር በራሱ አይፈታም፣ እትዬ። እኔ ያሰርኩት ቢሆን አልምልም ነበር።»

ቀጥላ የጠራቻት ነርስነት የምትማረውን ወጣት ነው። በወዲህ ጦር ውስጥ ቁስለኛ ታክም ስለነበር «ፋሻ» የሚል ስም ወጥቶላታል። ከራዲዮ ጋር ሊጋቡ ነበር፤ ያም ሆኖ በዚህ ሳምንት ግቢው መሃል ስትቆጣው ብዙ ሰው አይቷታል። ስለዚህ ሳጅኑ እሷንም ቢሆን ከጥርጣሬ ሙሉ በሙሉ አላወጣትም።

ዓይኗ ደርቆ ነበር። ስለ ጠቡ ስትጠየቅ ቀጥታ መለሰች። ራዲዮ አጠገቡ ለሚተኛው ሰው የሚናገረው አንድ ነገር እንዳለው፣ የሰውየውን ትንፋሽ እየሰማ መተኛት እንዳቃተው ነግሯት ነበር። እሷ ደግሞ ነገሩን እንኳ መስማት አልፈለገችም። ያለፈውን ተወው፣ ጦርነቱን አንተ ብቻ አልተዋጋኸውም፣ እኔ ቤት ነው የምፈልገው ብላዋለች። በዚያው ተኳረፉ።

«ምን እንደነበር አልነገረሽም?»

«ጆሮዬን ያዝኩበት፤» አለች ፋሻ። «አንድ ቀን ዝም በል ብዬው የማላውቀውን ሰው፣ ያን ቀን ዝም በል አልኩት።»

መርማሪዋ ጥያቄውን ቀየረች። «ራዲዮ የሚሮጥ ሰው ነበር?»

ፋሻ ሳታስበው ፈገግ አለች። «እሱ? ለፈተና እንኳ አይሮጥም። እኔ ስጠራው ፀጉሩን አበጥሮ፣ መንገድ ላይ ሦስት ሰው ሰላም ብሎ ነው የሚደርሰው። ድሮ፣ እዚያ እያለን፣ ይሮጥ ነበር። እዚያማ ሁላችንም ስንጠራ እንሮጥ ነበር።»

«የማዶዎችን የፈንጂ ምልክት ታውቁት ነበር?»

«ብናውቀው ኖሮ፣ እትዬ፣» አለች ልጅቱ እጆቿን እያየች፣ «ያን ሁሉ እግር ባልቆረጥኩ።»

ቀስበል የተቆለፈበት ክፍል ውስጥ ወንበሩን በሩን ወደሚያይበት አዙሮ ተቀምጧል። ግድያውንም ምልክቱንም አላውቅም አለ። ገመዱን አስሬ ወደ ክፍሌ ገባሁ፤ ራዲዮ ከፈተና መጥቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ተመልሶ ወጣ፤ የት ትሄዳለህ አላልኩትም፤ ተኳርፈን ነበር። ያኮራረፋቸውንም ተናገረ። ታላቅ ወንድሙ በጦርነቱ መሃል የገባበት አልታወቀም። ከወዲህ ወገን የመጣ ተማሪ ባየ ቁጥር ስለ ወንድሙ፣ እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል ወይ እያለ ይጠይቃል፤ በዚህም የሚሳለቁበት አሉ። ከትናንት ወዲያ ማታ ራዲዮ «ስለ ወንድምህ…» ብሎ ጀመረና ምላሱን ዋጠ። ቀስበል አንገትጌውን የያዘው ያኔ ነው። ራዲዮም እያለቀሰ፣ ከፈተናው በኋላ እነግርሃለሁ፣ መጀመሪያ አንድ ሰው ማስፈቀድ አለብኝ አለው።

መርማሪዋ ሁለቱን ድንጋዮች ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አነባበረቻቸው።

«ይሄ ምን ይላል?»

ሰውየው አየና ፊቱን አዞረ። «ምንም አይልም።»

«ሳጅኑ 'አትለፍ' ይላል ብሎኛል።»

«ሳጅኑ ድንጋይ ማንበብ ከየት ተማረ?» በራሱ ላይ እንደሚስቅ ሁሉ ትከሻው ተነቃነቀ። «አሁን ደግሞ ለማን ነው የምደብቀው። ድሮ እንደዚያ ይል ነበር። ኋላ ተቀየረ።» ትንሹን ድንጋይ ከላይ አነሳና ከትልቁ ጎን፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ አስቀመጠው። «ከዚያ ወዲህ እስከ ሰላሙ ድረስ እንዲህ ነበር። እኔ በእንቅልፍ ልቤ እንኳ ባስቀምጥ እንዲህ ነው የማስቀምጠው።»

«ምልክት መቼ ነው የሚቀየረው?»

«የሚያውቀው ሰው ከጠላት እጅ ሲገባ። በዚያው ቀን።»

«ያኔ ማን ተያዘ?»

«ተያዘ አልተባለም። አንድ ሰው ሳይመለስ ቀረ። ለጥንቃቄ ተብሎ ተቀየረ።» እሷም ድንጋዮቹን ወደ ቦርሳዋ መለሰቻቸው።

ሻለቃውን ለመጨረሻ አስቀረቻቸው። በመማሪያው ሕንፃ፣ የንድፍ ክፍል ውስጥ አገኘቻቸው፤ ክፍሉ ከመሸጋገሪያው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ነው። ቅየሳ የሚማሩ፣ ልጆቻቸው ከሚሆኑ ተማሪዎች ጋር አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጡ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ማስመሪያቸውን ከእርሳሳቸው፣ እርሳሳቸውን ከላጲሳቸው አስተካክለው ደርድረዋል። ተማሪዎቹ የክፍል ተጠሪ አድርገው መርጠዋቸዋል፤ የፎቁ ቁልፍ በእሳቸው ኪስ ነው። ፈተናው እንዳለቀ ቆልፌ፣ በምድር ቤቱ በኩል ወጥቼ፣ ሳይዘንብ ተኝቻለሁ አሉ። ስለ ራዲዮ ሲናገሩ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ልጄ ማለት ነበር፣ በጦርነቱ ሁሉ ከአጠገቤ አልተለየም አሉ።

«በዚያኛውም ልጅ ቢሆን አይጨክኑበት፣» ሲሉ ጨመሩ። «እጅ የለመደውን ይሠራል። መማር ብቻውን ሰውን ሲቪል አያደርገውም።»

«ምልክቱን እንዴት ሊያውቁት ቻሉ፣ ሻለቃ?»

«ጦር የመራ ሰው የጠላቱን ቋንቋ ያውቃል።»

«ከምርኮኞች ሰምተው ነው?»

«ምርኮኛ የሚባል በእጄ ገብቶ አያውቅም፤» አሉ ሻለቃው። «በሰላሙ ጉባኤ ፊት ምዬበታለሁ።»

አመስግናቸው ወጣች። ሳጅኑ አሁንስ እንፈርም ወይ አላት። እሷም አምስቱንም ሰዎች፣ ዲኑን ጨምሮ፣ ወደ ንድፍ ክፍሉ እንዲያመጣቸው አዘዘችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ተሰበሰቡ። ማንም ከማንም አጠገብ መቀመጥ ስላልፈለገ ትልቁ ክፍል ጠበባቸው። ቀስበል ሁለት ፖሊሶች መሃል ሆኖ መሬት ያያል። ፋሻ መስኮቱ ጋ ቆማለች። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ፣ ዲኑ ከኋላው፣ ሻለቃው በዘወትር ወንበራቸው ላይ ናቸው። መርማሪዋ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ሳጅን ያለው ነገር ትክክል ቢሆን ኖሮ፣ ድንጋዮቹ ራዲዮ ከመውደቁ በፊት መቀመጥ ነበረባቸው። ራዲዮ የወደቀው ሳይዘንብ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ደረቅ ነበር። ከድንጋዮቹ ሥር ያለው ሰጋቱራ ግን በዝናብ ጠብታ ተበሳስቷል። ድንጋዮቹ የተቀመጡት ከዘነበ በኋላ ነው ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ሰውየው ሞቷል፤ ምልክቱ የሚያስቀረው ሰው የለም። ታዲያ ለማን ተጻፈ? ለእኛ ነው የተጻፈው። እኛ እንድናነበውና ቀስበልን እንድናስረው።»

ሳጅኑ አንገቱን አከከ። መምህሩ ረጅም ትንፋሽ አወጣ።

«ሁለተኛ፣» አለች፣ «ራዲዮ እየሮጠ ነው የሞተው። ዳናው ተረከዝ የለውም። ለጓደኛም፣ ለፈተናም፣ ለእጮኛውም የማይሮጥ ሰው በጨለማ ወደ መሸጋገሪያው በሩጫ ገባ። በመኝታ ቤቱ በኩል የሚያባርረው ሰው ዳና የለም። ከዚህኛው ጫፍ ግን የጠራው ድምፅ ነበር። የሚያስፈቅደው ሰው ነበረው፤ ያ ሰው ሊያነጋግረው ቀጥሮት፣ አስቀድሞ ገመዱን ፈቶ፣ እዚህ ሆኖ ሲጠብቀው ነበር። ሲጠራው ራዲዮ አላሰበም። መሣሪያ ካስረከበ ቆይቷል፤ እግሩ ግን ገና ትጥቅ አልፈታም ነበር።»

ፋሻ ከመስኮቱ ዞረች። ዓይኗ ወደ ሻለቃው ወንበር ሄዶ እዚያው ቀረ።

«የዚህ ፎቅ ቁልፍ በእኔ እጅ መሆኑ ወንጀል ነው ለማለት ነው?» አሉ ሻለቃው ረጋ ብለው።

«ቁልፍማ ሊሰረቅ ይችላል።» መርማሪዋ ድንጋዮቹን ጠረጴዛቸው ላይ አነባብራ አኖረች። «እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ማዶዎች በዚህ ምልክት መጠቀም ከተዉ ቆይተዋል። በጦርነቱ መሃል ቀይረውት፣ እስከ ሰላሙ ድረስ ጎን ለጎን ነበር የሚያኖሩት። የማዶ ሰው ይሄንን አይሠራም። የሠራው አሮጌውን ምልክት የሚያውቅ፣ መቀየሩን ግን ያልሰማ ሰው ነው። እርስዎ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ለሳጅን ያስተማሩት አሮጌውን ነው።»

«በዚያን ጊዜ ወታደሩ ሁሉ ያውቀው ነበር።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ፋሻ ከመስኮቱ ተነስታ ወደ ጠረጴዛው ተራመደች። የቀድሞ አዛዥዋን እንዲህ ቀርባ አይታቸው የምታውቅ አትመስልም።

«ሻለቃ፣ ሁሉም ቢያውቀው ኖሮ እኔ እዚያ ምን ሥራ ነበረኝ? ልጆቹ ፈንጂ ላይ ሲሄዱ ያውቁት ነበር?»

«ግንባሩን ወዲያው ለቀን ነበር። ለመንገር ጊዜ…» አሉና ቆሙ።

መርማሪዋ የምትለውን ጨርሳ ስለነበር ዞር ብላ ቀስበልን አየችው። ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከመሬት አንስቷል።

«ያ ምልክት የተቀየረው፣» አለ ቀስበል፣ «ወንድሜ ያልተመለሰ ቀን ነው። ከእሱ በቀር የጎደለብን ሰው አልነበረም።»

ቀሪውን መርማሪዋ በጥቂት ቃል አስረዳች። የቀስበል ወንድም ተማርኮ ነበር፤ በሕይወት ከሻለቃው እጅ ገብቶ ምልክቱን ነግሯቸዋል። ከዚያ የሆነውን የሚያውቅ አንድ ሰው ቀርቶ ነበር፤ እሱም ራዲዮ ነው። ያ ሰው ከምርኮኛው ወንድም ጎን ተኝቶ ማደር ስላቃተው ሊናገር ወሰነ፤ እንደ ወታደር ግን አለቃውን ሳያስፈቅድ አልሆነለትም። ሲያስፈቅድ ነው የሞተው። ሻለቃውም ጥፋቱን በቀስበል ሊያላክኩ ሲሉ የምርኮኛውን ቃል ደፉ ላይ ጽፈውት ሄዱ።

ሻለቃው አልካዱም። ማስመሪያቸውን በጣታቸው ገፍተው አጣመሙት፤ ከዚያ መልሰው አቃኑት። የማያውቁኝ ልጆች ተጠሪ አድርገው መርጠውኝ ነበር አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ ግን አልታወቀም።

ቀስበል ተነሳ። ፖሊሶቹ ሊይዙት ሲሉ መርማሪዋ በዓይኗ ከለከለቻቸው።

«የት ነው ያለው?» አለ። «የት አደረግኸው?»

በዚያ ግቢ ሻለቃውን አንተ ያለ ሰው አልነበረም። ዲኑ እንኳ ደነገጠ። ሻለቃው ግን ይህን የጠበቁ ይመስል ተነሱ፤ ወደ ሰሌዳው ሄደው ጠመኔ አነሱ። ቅየሳ የሚማር ሰው እጅ ነበራቸው፤ ወንዙን በአንድ መስመር አሳዩ፤ የፈረሰ ወፍጮ ቤት ሣሉ፤ ከግድግዳው ወደ ላይ፣ ሁለት ዛፎች በሚገናኙበት፣ ትንሽ ክብ አኖሩ።

«እዚህ ነው፤» አሉ። «ብቻውን ነው። ድንጋይ ከምረንበታል።»

«መትታችሁት ነው የተናገረው?»

«ማንም አልነካውም። በገዛ ፈቃዱ ነው የነገረን። 'ፈንጂውን የሚያጠምደው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ የሰው ነፍስ አይብዛበት' አለ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ልናፈገፍግ ነበር። ምርኮኛ ይዞ የሚያፈገፍግ ጦር የለም። በመገናኛው ራዲዮ ትእዛዝ ጠየቅሁ፤ መልሱን ተቀብሎ የነገረኝ ያ ልጅ ነው።» ሻለቃው ጠመኔውን አስቀመጡ። «እኔ ልረሳው ችዬ ነበር። እሱ ነው ያልቻለው።»

ቀስበል ዓይኑን ከሰሌዳው አላነሳም። ሲናገር ለማንም አልነበረም።

«ምልክቱን እንድቀይር የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። በዚያው ማታ ዞሬ ዞሬ አንድ በአንድ ቀየርኩት። እሱ አድናቸዋለሁ ብሎ ነው የነገራቸው።»

መርማሪዋ ሻለቃውን ራሷ ይዛ ወጣች፤ በሩ ጋ ደርሳ አንድ ጊዜ ዞር ብላ ክቡን አየችው። የእሷ ሰው የት እንዳረፈ እንዲህ በጠመኔ ያሳያት የለም። ሳጅኑ ወደ ግቢው በር ሄዶ የማዶ ተማሪዎችን ማነጋገር ጀመረ፤ ጥቂቶቹ ሻንጣቸውን አንስተው ወደ ውስጥ ተመለሱ፤ ሌሎቹ ባሉበት እንደተቀመጡ ቀሩ።

ክፍሉ ውስጥ የአናጺነት መምህሩ ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት፣ የማታ ተማሪዎች ሊገቡ ነው በሚል ዳስተሩን አንስቶ ወደ ሰሌዳው ቀረበ። ፋሻ እጁን ያዘችው።

«ይቆይ። ገና አልገለበጠውም።»

ቀስበል ወረቀት ተሰጥቶታል፤ እርሳስም ይዟል። እጁ ግን አልታዘዝ አለው፤ ፈንጂ ሲያኖር ያልተንቀጠቀጠ እጅ መስመር ማስመር አቃተው። ፋሻ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፤ እርሳሱን ከጣቶቹ መሃል ወሰደችና ወረቀቱን ወደ ራሷ አዞረችው።

«ወንዙን ከየትኛው ዳር ልጀምርልህ?» አለችው።